«ቻይ» የምትለዋ ቃል፦ የቬትናም ምግብ በፉትስክሬይና በቤታችን

በዚህ ሴሚስተር የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ዕለት ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ጥያቄ የቪዛም የቤት ኪራይም አልነበረም፤ «እዚህ አገር ምን ይበላል?» የሚል ነበር። የዚህን ጥያቄ መልስ እኔ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ መልሱ ከደጃፋችን ስለነበር ደግሞ ትንሽ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቁጠሩት። ትምህርቱ ስለ ቬትናም ምግብ ነው፤ የተጻፈው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም፣ የአሳማ ሥጋ ለማይበላ፣ ኪሱም ለሳሳ ተማሪ ነው።

ሜልቦርን የገባሁት በየካቲት ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ዐቢይ ጾም ገባ። አዲስ አበባ እያለሁ ጾም ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። የትኛውም ምግብ ቤት ብትገቡ በያይነቱ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ፍርፍር አለ፤ አገሩ አብሯችሁ ይጾማል። እዚህ ግን ኮሌጁ ካፍቴሪያ ውስጥ «ሥጋ የለውም» የሚባለው ሁሉ አይብ ወይም እንቁላል አለበት። ፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ የኛ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ተማሪ በየቀኑ ምግብ ቤት አይበላም። ስለዚህ ምሳዬ ሙዝና የተጠበሰ ድንች ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ በቪዲዮ አይታኝ «ምነው ከሳህ?» አለችኝ። መብራቱ ነው አልኳት።

በዚያው ሰሞን አንድ ዓርብ ከክፍል ስወጣ በጣም ርቦኝ ስለነበር ከአንዲት የቡድን ሥራ አጋሬ ጋር ወደ አንድ የቬትናም ዳቦ ቤት ገባሁ። የቤቱ ስም አያስፈልግም፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የእኔ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ቶፉ ይታያል። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር ነው። «ሥጋ አልፈልግም፣ ቶፉ ብቻ» አልኩ በእንግሊዝኛ። ሻጯ ራሷን ነቀነቀች። ዳቦው ሲነከስ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ካሮትና ዱባ መሰል ነገር በኮምጣጤ የራሰ፣ ቃሪያ፣ የድምብላል ቅጠል። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አልነበረም። (ዱባ የመሰለኝ ፍጅል እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።) ግማሹን እንደጨረስኩ ዳቦው ላይ በስሱ የተቀባ ቡናማ ነገር አየሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ስል ጠየቅኋት፤ ልጅቷ ቬትናማዊት ናት። «ፓቴ ነዋ፣ የአሳማ ጉበት» አለችኝ፣ እንደ ተራ ነገር።

በዐቢይ ጾም፣ ያውም ዓርብ፣ ያውም አሳማ። ዳቦውን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ማታ አዲስ አበባ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ ሳታውቅ የሆነ ነው። ከእንግዲህ ግን ጠይቅ» አሉኝ። እኔ እኮ ጠይቄ ነበር! ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ለሻጯ ሥጋ ማለት ተቆርጦ የሚገባው ነው፤ ፓቴው ማባያ ነው። እኛስ ብንሆን? አንድ ፈረንጅ አዲስ አበባ ገብቶ «ሥጋ የሌለው ሽሮ» ቢል፣ በፍስክ ቀን ከሆነ፣ ቅቤ የገባበትን ሽሮ በሙሉ ልብ እናቀርብለታለን። አልዋሸነውም። የጠየቀው ሥጋ ነው፣ ሥጋ የለውም።

ልጅቷ ግን ፊቴን አይታ ዝም አላለችም። ለምን እንደደነገጥኩ አስረዳኋት፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም፣ 55 ቀን። ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችኝና «ታዲያ ለምን ቻይ አላልክም?» አለችኝ።

ቻይ የቬትናም ቃል ነው። ከእንስሳት ሥጋ ውጪ የሆነ፣ በቡድሃ እምነት ልማድ የሚዘጋጅ ምግብ ማለት ነው፤ እኛ «የጾም» እንደምንለው። ብዙ የቡድሃ እምነት ተከታይ ቬትናማውያን በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ቻይ ይበላሉ። መነኮሳቱማ ሁልጊዜ። ስለዚህ የቬትናም ሰፈር ባለበት ሁሉ የጾም ምግብ አለ፤ ሰዉም ጾም ምን እንደሆነ ያውቃል። ቃሏ በአማርኛ የሚታገሥ ሰው ማለት መሆኗን ስነግራት በጣም ሳቀች። እኔ ግን ሦስት ሳምንት በሙዝ ከከረምኩ በኋላ ሳቄ ቶሎ አልመጣም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ሕዝብ

ለአዲስ ሰው ይህን ላስረዳ። ከፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ጥቂት ስትራመዱ በአንድ ወገን የፉትስክሬይ ገበያንና የሆፕኪንስና የሊድስ ጎዳናን የቬትናም ምግብ ቤቶች፣ በሌላ ወገን በኒኮልሰንና በኧርቪንግ ጎዳና የኛን ቡና ቤቶችና እንጀራ ሻጮች ታገኛላችሁ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር የደቂቃዎች ነው። የበርበሬና የዓሣ መረቅ ሽታ የሚገናኙበት የመንገድ ጥግ አለ።

ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም። በኛ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው በ1967 ዓ.ም. ሚያዝያ 22 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 30፣ 1975፣ ሳይጎን ወደቀች። የሁለቱም አገር ሰው መበተን የተያያዘው ከዚያች አንዲት ዓመት ጋር ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር አምስት ሰዎች የያዘች የመጀመሪያዋ የቬትናም ስደተኞች ጀልባ ዳርዊን ወደብ ደረሰች፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ጀልባዎች፣ ብዙዎች ደግሞ ከማሌዥያና ከሌሎች ካምፖች በአውሮፕላን መጡ። ሜልቦርን ውስጥ በማሪቢርኖንግ ሚድዌይ፣ በስፕሪንግቬል ኢንተርፕራይዝ የሚባሉ የስደተኞች ማረፊያዎች ነበሩ። ዛሬ ፉትስክሬይና ስፕሪንግቬል የቬትናም ሰፈር የሆኑት ሰው ከማረፊያው ሲወጣ በአካባቢው ቤት ስለተከራየ ነው። የኛ ሰዎች ደግሞ በሱዳንና በኬንያ በኩል ዞረው ከ1980ዎቹ ወዲህ መጡ፤ ብዙዎቹም ኪራዩ ይረክስ ወደነበረበት ወደዚሁ ምዕራባዊ የከተማው ክፍል ገቡ።

እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን ጎን ለጎን ኖረናል። የኛ ማኅበር ግን የእራት ምሽት ባዘጋጀ ቁጥር ሦስት የማውቃቸው ቤቶች ውስጥ እንዞራለን። የባቡር ጣቢያውን አደባባይ ተሻግረን አናውቅም። «ይሸታል»፣ «ሁሉም አሳማ ነው»፣ «ምን እንደሆነ አይታወቅም» ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ስለኛ ምግብም ሌላው ሰው የሚለው ይኸንኑ ነው።

ፊደላችን የሚጠቅመን ቦታ

ቬትናምኛ ስድስት የድምፅ አወጣጥ አለው፤ አንድ ቃል ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ትርጉሙ ይለወጣል። እሱን አንድ ቀን እንማረው ይሆናል። ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይልቅ አማርኛ ተናጋሪ የሚቀናው አንድ ነገር አለ፤ አናባቢው። በቬትናምኛ በጣም የተለመዱ ሁለት አናባቢዎች ለኛ ከግዕዝና ከሳድስ ድምፆቻችን ጋር በጣም ይቀራረባሉ።

ዝነኛውን ሾርባ ውሰዱ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ «ፎ» ይለዋል። ቬትናማውያን የሚሉት ግን ወደ «ፈ» የቀረበ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ መጠየቅ ቀና ማድረግ ብቻ ነው። ላም ወይም የላም ሥጋ «ቦ» ነው፣ ሳብዕ። ቅቤ ደግሞ «በ» ነው፣ ግዕዝ። እንግሊዞቹ ሁለቱን ሲያምታቱ እኛ አናምታታም። «በ» አቮካዶም ማለት ነው፤ የቬትናም ቤት ውስጥ የሚጠጣው የአቮካዶ ጁስ በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተትና በበረዶ የሚመታ ስለሆነ ጾም ባልሆነ ቀን ብትሞክሩት ፒያሳ ያለ ጁስ ቤት የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል።

ቀሪዎቹን ቃላት እነሆ፤ በወረቀት ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ለጥፉ። ዶሮ «ጋ»፣ ዓሣ «ካ»፣ አሳማ «ሄው»፣ እንቁላል «ችንግ»፣ ወተት «ስኧ»፣ የዓሣ መረቅ «ንኧክ ማም»። የለም ወይም አይ ለማለት «ኾንግ»። ስለዚህ «ኾንግ ሄው» ብትሉ አሳማ እንደማትፈልጉ ይገባቸዋል። አመሰግናለሁ «ካም ኧን» ነው።

አንድ ነገር ግን ከቃላቱ ሁሉ ይበልጣል። ቬትናምኛ እንደ እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ «ዩ» የለውም። ሰው የሚጠራው በዝምድና ቃል ነው፤ እንደኛ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ። በእናታችሁ ዕድሜ ያለችን ሴት «ኮ»፣ አክስት እንደማለት፤ በአባታችሁ ዕድሜ ያለውን «ቹ»፣ አጎት፤ ትንሽ የሚበልጣችሁን ወንድ «አን»፣ ታናሻችሁን «ኤም»። ከኋላው «ኧይ» ሲጨመርበት መጥሪያ ይሆናል። «ኮ ኧይ!» ማለት «እትዬ!» ማለት ነው። እኔ በእጄ እያጨበጨብኩ ወይም ዝም ብዬ ቆሜ ስጠብቅ የነበርኩበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ «ኮ ኧይ፣ ቻይ?» ያልኩ ቀን ሴትዮዋ ከገንዘብ መቀበያው ተነስተው መጡ። ከየት እንደተማርኩ ጠየቁኝ፣ ምግቡን ሲያመጡም ማንም ያላዘዘውን ተጨማሪ ቅጠል ደርበው አመጡልኝ።

በሳህኑ ውስጥ ምን አለ?

ስለ አሳማ «ሁሉም አሳማ ነው» የሚለው ስሕተት ቢሆንም መሠረት የለውም አልልም። ባን ሚ የሚባለው ዳቦ በተለመደው አሠራር የአሳማ ሥጋና ፓቴ አለው። ከዶሮ ጋር ብታዙትም ፓቴው ሊቀባ ይችላል፤ እኔን ያየ ይጠንቀቅ። ጎይ ኩዎን፣ በስስ የሩዝ ቂጣ የሚጠቀለለው፣ በተለምዶ አሳማና ሽሪምፕ አብረው ይገቡበታል። የተጠበሰው ጥቅልል ብዙ ጊዜ የተፈጨ አሳማ ነው። ቡን ቦ ሁዌ የሚባለው ቀይ ሾርባ ስሙ «ቦ» ቢልም የአሳማ እግርና የረጋ ደም ይገባበታል፤ ስሙን አይታችሁ አትታለሉ። («ቡን» ደግሞ የሩዝ ኑድል እንጂ ቡና አይደለም።)

ፎ ቦ ግን የከብት ነው። መረቁ ከከብት አጥንት ለብዙ ሰዓት ቀስ ብሎ ይፈላል፤ ብትቀምሱት የሚመጣባችሁ ቅቅል ነው። ውስጡ የሚገባውን ቁራጭ እናንተ ትመርጣላችሁ። «ታይ» ጥሬ ሥጋ ነው፤ በስሱ ተቆርጦ ትኩስ መረቁ ሲፈስበት ለብ ይላል። ቁርጥ ለለመደ ሰው ይህ አያስደነግጥም፤ ከኛ መካከል ጥሬውን በሳህን ለብቻው ይምጣልን ብለው በሚጥሚጣ የሚበሉ አውቃለሁ፣ ስማቸውን አልናገርም። «ቺን» የበሰለው ነው። «ገን» ጅማት ነው። «ሳች» ደግሞ ቃሉ መጽሐፍ ማለት ነው፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቅጠል ቅጠል ስለሚል። እኛ ሽንፍላ የምንለው ነው። እናቶቻችን ስንት ውሃ ቀይረው እንደሚያጥቡት ለሚያውቅ ሰው፣ በነጣ መልኩ ተዘጋጅቶ ሲመጣ ማየት ክብር ነው። ፎ ጋ የዶሮ ነው፣ ቀለል ይላል፤ ለመጀመሪያ ቀን እሱን እመክራለሁ።

ለጾም ፎ ቻይ፣ ባን ሚ ቻይ እያላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ቻይ ላይ የዓሣ መረቅ አይገባም፤ ነገር ግን አንዳንድ ቤት እንቁላል ወይም ወተት ሊኖር ስለሚችል «ኾንግ ችንግ፣ ኾንግ ስኧ» ማለት አይጎዳም። ባን ሚ ላይ የሚቀባው ነጭ ነገር እንቁላል ያለበት ማዮኔዝ ነው። ሁለተኛ፣ ምናሌው ላይ «ቬጂቴሪያን» የተባለ ሁሉ ቻይ አይደለም፤ አትክልቱ በከብት መረቅ ላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል ትታችሁ የነሱን ተጠቀሙ። ሙስሊም እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ቻይ ለእናንተም በር ይከፍታል፤ ሥጋውን ግን ከፉትስክሬይ ሐላል ሥጋ ቤቶች ገዝታችሁ ከታች በምጽፈው መንገድ ቤት ብትሠሩት የተሻለ ነው።

ከምግቦቹ ሁሉ ለኛ የሚቀርበው ባን ሴው ይመስለኛል። የሩዝ ዱቄት በእርድ ቢጫ ሆኖ፣ በኮኮናት ወተት ተበጥብጦ፣ ምጣድ ላይ ይፈስሳል፤ ስሙም ሲፈስ ከሚያሰማው ድምፅ የመጣ ነው። ከዚያ በእጃችሁ ትቆርሱታላችሁ፣ በሰላጣና በቅጠል ትጠቀልሉታላችሁ፣ ታጠቅሳላችሁ። የቡድን አጋሬ እናት ቤት፣ ሴንት ኦልባንስ፣ መጀመሪያ ያቀረቡልኝ ይህን ነበር፤ በእንጉዳይና በቶፉ፣ በቻይ። እኔ በቀኝ እጄ ጠቅልዬ ስጎርስ አይተው «ማን አስተማረው?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። እጄን ለማየት ሁለተኛ ሰጡኝ።

«እውነተኛው» የቱ ነው?

በየምግብ ቤቱ በር ላይ «እውነተኛ የቬትናም ምግብ» ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ይህን ቃል እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው። ፎ የተወለደው በሰሜን ቬትናም፣ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን ነው። ገበሬው ከብቱን የሚያርስበት እንጂ እንደ ልቡ የሚያርደው አልነበረም፤ የከብት ሥጋ በከተማ የበዛው በፈረንሳዮቹ ነው፣ አጥንቱ ደግሞ ለሾርባ ሆነ። በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል እጅግ ብዙ የሰሜን ሰው ወደ ደቡብ ተሰደደ፣ ፎንም ይዞ ሄደ። ሳይጎን ላይ የማሾ በቆልት፣ በሶብላ፣ ጣፋጭ ጥቁር ማባያ ተጨመረበት። ፉትስክሬይ የመጣውም በአብዛኛው የደቡቡ ነው። የሃኖይ ሰው በቆልቱን ሲያይ ሊያኮርፍ ይችላል። ባን ሚም ቢሆን የፈረንሳይ ዳቦ ነው፤ ሳይጎን የራሷን ነገር ሞላችበት።

ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ፓስታና ማኪያቶ ጥሎብን ሄደ፤ ፓስታውን በበርበሬ ወጥ፣ ያውም በእንጀራ ጠቅልለን የበላን እኛ ነን። እዚህ ሜልቦርን የጤፍ ዱቄት ሲወደድ ከሩዝ ወይም ከሌላ እህል ቀይጠው የሚጋግሩ እናቶችን «እውነተኛ እንጀራ አይደለም» የሚል ካለ ይጋግርና እንየው። እኔ አሁን የምጠይቀው ምግቡ እውነተኛ ነው ወይ ብዬ ሳይሆን የቤቱ ሰዎች ራሳቸው ምሳቸውን የሚበሉት እሱን ነው ወይ ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሂዱ፤ ሠራተኞቹ ጥግ ላይ ተሰብስበው ይበላሉ። የሚበሉትን አይታችሁ እሱን እዘዙ።

ፉትስክሬይ ለሰለቻችሁ፣ በ109 ቁጥር ትራም ሪችመንድ ቪክቶሪያ ጎዳና ትወርዳላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ግን ስፕሪንግቬል ሂዱ፤ ሩቅ ነው፣ ገበያው ግን ሰፊ ነው። ፉትስክሬይ ውስጥ የነበረው ሊትል ሳይጎን ገበያ በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. ተቃጥሏል፤ ከቆዩት የማኅበራችን አባላት በርካሽ ማንጎና ቃሪያ ይገዙበት እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ፤ አሁንም ስሙን ሲጠሩ ይቆጫቸዋል።

በተማሪ ማዕድ ቤት

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ፎ ጋ፣ ለአምስት ሰው፣ ከአንድ ትልቅ ድስት።

ሁለት ራስ ሽንኩርት ከነልጣጩና የመዳፍ ያህል ዝንጅብል በቀጥታ በእሳት ላይ አድርጋችሁ ከውጭ እስኪጠቁር ለብልቡ። የጋዝ ምድጃ ከሌላችሁ በደረቅ መጥበሻ። ጥቁሩን ላጡና አጥባችሁ አስቀምጡ። የኛ ወጥ ጣዕሙን የሚያገኘው ከቁሌት ነው፤ የነሱ መረቅ ደግሞ ከዚህ ቃጠሎ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የታማሚ ሾርባ ይጠጣል።

አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ሙሉ ዶሮ በደንብ አጥባችሁ (ዶሮ ማጠብ ለኛ ልጅ አይነገረውም) በሦስት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት። ሲፈላ አረፋውን ግፈፉ፣ እሳቱን ቀንሱ። አይንተክተክ፤ ከተንተከተከ መረቁ ይደፈርሳል። በሌላ መጥበሻ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ አራት ቅርንፉድ፣ አንድ ማንኪያ የድምብላል ፍሬ፣ ሦስት ስታር አኒስ፣ ሽታቸው እስኪወጣ አምሱና በጨርቅ ቋጥራችሁ ከሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ጨምሩ። ስታር አኒስ ኮከብ የሚመስል ቅመም ነው፤ በኛ ሱቅ የለም፣ በቬትናም ሱቅ ሁሉ አለ። እነሱ ጥቁር ሄልም ይጨምራሉ፤ እኔ በእሱ ፈንታ እናቴ የላከችልኝን ሁለት ኮረሪማ ፈንክቼ እጨምራለሁ። የጢሱ ሽታ ባይኖረውም የቡድን አጋሬ ቀምሳ «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብላኛለች፤ እኔ እንደ ምስጋና ወስጄዋለሁ።

ከ45 ደቂቃ በኋላ ዶሮውን አውጡ፣ ሥጋውን በእጅ ሸንሽኑ፣ አጥንቱን መልሱና ሌላ አንድ ሰዓት ይፍላ። አጥልሉት። ሦስት ማንኪያ የዓሣ መረቅ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ጨው በልኩ። የዓሣ መረቁ ጠርሙስ ሲከፈት ያለው ሽታ አያባርራችሁ፤ ንጥር ቅቤ ሲነጠር ቤቱን የሚያውደው ለኛ ነው እንጂ ለጎረቤት ምን እንደሆነ አስቡ። መረቁ ውስጥ ሲገባ ሽታው ይጠፋል፣ ጣዕሙ ይቀራል።

የደረቀውን የሩዝ ኑድል ግማሽ ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ፤ ሊበላ ሲል ብቻ ለግማሽ ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ አውጡ። ቀድሞ የበሰለ ኑድል እንደ ገንፎ ይሆናል። በጎድጓዳ ሳህን ኑድል፣ ዶሮ፣ በስሱ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ከዚያ የሚያቃጥል መረቅ። ከጎኑ በቆልት፣ የድምብላል ቅጠል፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ በሶብላ። በሶብላውን እኛ አድርቀን ነው የምናውቀው፤ እነሱ ጥሬውን ይቀነጥሱታል። ሎሚን በተመለከተ፣ የሱፐርማርኬቱ ትልቅ ቢጫ አይደለም፤ የኛ ሎሚ እዚህ ላይም የሚባለው ትንሹ አረንጓዴ ነው።

ለጾም ከሆነ ዶሮውን ተዉና አንድ ትልቅ ነጭ ፍጅል፣ ሁለት ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ፖም፣ አንድ እፍኝ የደረቀ እንጉዳይ፣ ያንኑ የተለበለበ ሽንኩርትና ያንኑ ቅመም ሁለት ሰዓት አፍሉ። በዓሣ መረቁ ፈንታ አኩሪ አተር ሶስ። ከላይ የተጠበሰ ቶፉና እንጉዳዩን ራሱን። አንድ እሑድ ማታ ብትሠሩት መረቁ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ረቡዕ ምሳ ያደርሳችኋል። ባለፈው ሁዳዴ ሙዝ የገዛሁት ሙዝ ስላማረኝ ብቻ ነው።

ጀበናና ፊን

ስለ ቡና ሳልናገር ብጨርስ ከማኅበሩ የምባረር ይመስለኛል። ቬትናም ከብራዚል ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። ቡናውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ዛሬ የሚመረተው በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከኛ አረቢካ ይልቅ መራራና ካፌኑ የበዛ። «ፊን» በሚባል ትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ከታች ባለው ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ላይ ይወርዳል፤ ከበረዶ ጋር ሲሆን «ካፌ ስኧ ዳ» ይባላል። በጾም ቀን «ካፌ ዴን ዳ»፣ ጥቁሩን። ለፈተና ሌሊት ይሠራል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን አልመክርም፣ በራሴ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ዓርብ ስልኬ ጮኸ። የአጋሬ እናት ናቸው። ልጃቸው እያስተረጎመች «ዛሬ ለእኛ 15ኛው ቀን ነው፣ ቻይ ነው። ዓርብ ስለሆነ አንተም ቻይ ነህ። ና» አሉኝ። ጀበናዬን፣ ረከቦቴን፣ ጥሬ ቡናዬን በቦርሳ ጠቅልዬ በባቡር ሴንት ኦልባንስ ሄድኩ። እሳቸው ባን ሴውን ሲያፈሱ እኔ በዚያው ምድጃ ሌላኛው እሳት ላይ ቡና ቆላሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ መስኮት ከፈቱና ጨርቅ እያርገበገቡ «ቁላ፣ ቁላ» በሚል እጅ ምልክት ሰጡኝ።

አቦሉን ሲቀምሱ ዝም አሉ። ወዲያው በማሌዥያ ፑላው ቢዶንግ በሚባለው የስደተኞች ደሴት ላይ ስለጠበቁባቸው ወራት ማውራት ጀመሩ። ልጃቸው ይህን ሰምታ አታውቅም ነበርና ለእኔ መተርጎሟን ረስታ ማዳመጥ ያዘች። እኔ አልጎተጎትኳትም። ሲጨርሱ ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ቶና እንደሚቀር፣ ከዚያም በረካ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ሦስት መሆኑን በጣት አሳየሁ። ተነስተው የቆርቆሮ ወተቱን ከመደርደሪያው አወረዱ፣ አዩኝ፣ ቀኑን አስታወሱና መልሰው አስቀመጡት።